ሽቦው ካለቀበት ወዲያ
የገጠር ስልክ ጣቢያዎች ታሪክ ከመሐል ሜዳ ሆኖ ሲታይ

«ስልክ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከዓረብኛ ሲሆን፣ በዓረብኛ ትርጉሙ ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። አውሮፓውያን መሣሪያውን ሲሰይሙ ከግሪክ ሁለት ቃላት አጋጥመው «የሩቅ ድምፅ» አሉት፤ እኛ ዘንድ ግን ስሙን የያዘው ድምፁ ሳይሆን ሽቦው ነው። ቃሉ በምን አኳኋን እንደገባ መመርመር የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ ነው። እኔን የሚስበኝ ስሙ ከገጠሩ ሕዝብ ኑሮ ጋር መግጠሙ ነው። ከተሜው ስልክን የሚያውቀው በጆሮው በሚሰማው ድምፅ ነው። ገበሬው ግን ለብዙ ዘመን ያወቀው በማሳው ዳር ተዘርግቶ፣ ከአንዱ አድማስ መጥቶ ወደ ሌላው አድማስ የሚያልፍ፣ ለእርሱ ግን አንዲት ቃል የማይተነፍስ ሽቦ ሆኖ ነው።

ስለ አገራችን የስልክና የቴሌግራም ታሪክ እስከ ዛሬ የተጻፈው አብዛኛው ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲናገሩ፣ መኳንንቱ ሲደነቁ፣ መሐንዲሱ ሲለካ እናነባለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንኑ ታሪክ ከሌላው ጫፍ፣ ማለትም ሽቦው ከሚያልቅበት ቦታ ቆሞ ማየት ነው። ለዚህም በሰሜን ሸዋ የምትገኘውን መሐል ሜዳን መቆሚያ አድርጌአለሁ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፦ የአንድ መስመር ጥቅም በኪሎ ሜትር ርዝመቱ ብቻ አይለካም። ከመጨረሻው ጣቢያ እስከ ገበሬው ደጃፍ ባለው ርቀት፣ በዚያም ርቀት ላይ ቃሉን ተሸክሞ በሚሄደው ሰው ይለካል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመስመሩ ላይ ቃል ወደ ታች ብቻ ይወርዳል ወይስ ወደ ላይም ይወጣል በሚለው ጥያቄ ይመዘናል።

(ዓመታቱ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከሽቦ በፊት

መንዝ በልማድ ጌራ፣ ላሎና ማማ ተብሎ በሦስት የሚከፈል ደጋ ነው። መሐል ሜዳ በጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ ገብስ የሚዘራበት፣ በውርጭ ወራት ሰው የበግ ጠጉር ባና ደርቦ የሚወጣበት፣ የጓሣ ሣር የሚታጨድበት አገር ነው። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፤ ዳር ሲደርሱ ግን ገደል ነው። ሞፈር ውሃ፣ አዳባይና ወንጪት መሬቱን እንደ ጎራዴ ከፍለውታል። ከእነዚህ ወንዞች ማዶ መርሐ ቤቴ ይታያል። በገደሉ ማዶና ማዶ የቆሙ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን በሬ ቀለም ለይቶ ያያል። እጅ ለመጨባበጥ ግን ቁልቁል ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ እንደገና ሽቅብ ሲወጡ ቀኑ ያልቅባቸዋል።

እንዲህ ባለ አገር ድምፅ ከእግር የፈጠነ መሆኑን ሕዝቡ ያወቀው ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነው። ከአፋፍ ወደ አፋፍ መጣራት፣ የጠፋ ከብት መጠየቅ፣ ሰው መሞቱን ማሰማት፣ ጠላት መምጣቱን ማስታወቅ የዘወትር ልማድ ነበር። «አፍ ዳገት አይፈራም» የሚለው ተረት የተነገረው ለጉረኛ ቢሆንም፣ በደገኛው አገር ቃል በቃልም እውነት ነው።

የመንግሥት ቃል ግን በጩኸት አይመጣም። እርሱ የሚመጣው በመልእክተኛ ነው። መልእክተኛው ደብዳቤ ይዞ ከሆነ ማኅተሙ ይመሰክርለታል፤ ቃል ብቻ ይዞ ከሆነ ፊቱ፣ ዘመዱና የላከው ጌታ ስም ይመሰክሩለታል። ለሕዝብ የሚነገረው ጉዳይ በገበያ ቀን በነጋሪት ይታወጃል። ይህን መልእክተኛ ማብላት፣ ማሳደርና መሸኘት የባላገሩ ዕዳ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ከሽቦ በፊትም ቢሆን የመገናኛውን ወጪ ከፋይ ነበር። የሚደርሰው ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ ግብር ክፈል፣ ዝመት፣ ስንቅ አቅርብ የሚል ነው።

2. ሽቦው ሲመጣ

ስልክ በአሜሪካ ከተፈለሰፈበት ከ1868 ዓ.ም. በኋላ ወደ አገራችን ለመግባት ብዙ ዘመን አልፈጀበትም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች ከኢጣሊያ ይዘው የመጡት፣ በ1882 ዓ.ም. ከመልእክተኝነት የተመለሱት፣ በኋላ በራስነት ማዕርግ የታወቁት መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። መሣሪያው በቤተ መንግሥት ሲሞከር አካል የሌለው ድምፅ የሰሙ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ግን ተቃውሞውን እንዳልተቀበሉት ይነገራል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለሳቅ ነው። ነገር ግን ከላይ እንደተመለከትነው በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ቃል ያለ ፊትና ያለ ማኅተም አይታመንም ነበር። ፊት የሌለው ድምፅ ሲመጣ «የማን ነው? ማን ያረጋግጥልኛል?» ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት ብቻ አይደለም። ጥያቄውን በኋላ የመለሰው መሣሪያው ሳይሆን በመሣሪያው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለ እርሱ ወደፊት እንመለስበታለን።

በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው የምድር ባቡር ፈቃድ፣ ከሐዲዱ ጋር የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋም ያዝዝ ነበር። ሽቦው ግን ባቡሩን ቀደመ። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር በ1880ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1890ዎቹ መባቻ ላይ ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሸዋን፣ ወሎንና ትግራይን አቋርጦ አሥመራ የሚደርሰው መስመር ተዘረጋ። የሠሩት ኢጣሊያኖች ነበሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በጦር ያልሆነላቸው ስምንት ዓመት ሳይሞላ በውል መሠረት ሽቦ ይዘው በዚያው ምድር አለፉ። ለምኒልክ መንግሥት ይህ መስመር ሰሜኑን የሚያዳምጥ ጆሮ ነበር። ለኢጣሊያም እንዲሁ ወደ አዲስ አበባ የተከፈተ ጆሮ ነበር። አንድ ሽቦ ሁለት ጌታ ሊያገለግል እንደሚችል ከመጀመሪያው ታይቷል።

እዚህ ላይ ጣቢያ ለምን እንዳስፈለገ መረዳት ይገባል። የዚያ ዘመን መስመር አንድ የብረት ሽቦ በእንጨት ላይ፣ ሲኒ በመሰለ ነጭ ሸክላ ታስሮ የሚዘረጋ ነው። መመለሻው መንገድ መሬት ራሷ ናት። ብረት ከመዳብ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክን ጉዞ ከመዳብ ወደ ስድስት እጥፍ ያህል ይቃወማል። ስለዚህ ድምፁ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየደከመ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በእርጥቡ እንጨት በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ይጠፋል። መፍትሔው በመንገዱ ላይ ሰው ማስቀመጥ ነው። አንዱ ጣቢያ የሰማውን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ይናገራል፤ እርሱም ለሦስተኛው። ሽቦ የተዘረጋበት መንገድ በእርግጥ የሰዎች ሰንሰለት ነበር።

በቴሌግራፍ የሚላክ ቢሆን ቃሉ በነጥብና በሰረዝ ይጻፍ ነበር። ግን የሞርስ ምልክት የተበጀው ለላቲን ፊደል ነው። ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ በአገራችን ቴሌግራፍ ለረዥም ጊዜ የውጭ አገር ሰዎችና የውጭ ቋንቋ መሣሪያ ሆኖ ሲቆይ፣ የአማርኛው ቃል በብዛት የተጓዘው በአፍ፣ በስልክ ነው። በአማርኛ ፊደል የሚጽፈውን የቴሌፕሪንተር መሣሪያ ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ ተረፈ ራስወርቅ ያበጀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ውጤቱ ለታሪክ ጸሐፊ አሳዛኝ ነው፤ በአፍ ያለፈ መልእክት ወረቀት አይተውም። የዚያ ዘመን መዝገብ ቤት የስልከኛው ጭንቅላት ነበር።

እንዲህ ካሉ መስመሮች በዓለም ላይ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1872 በአውስትራሊያ የተጠናቀቀው ነው። ከደቡብ ጫፍ ከፖርት ኦጋስታ እስከ ሰሜን ጫፍ እስከ ዳርዊን ወደ 3200 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 36000 እንጨቶች። በመሐሉ እንደ አሊስ ስፕሪንግስና ባሮ ክሪክ ያሉ ጣቢያዎች ነበሩ፤ በእያንዳንዱም ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው የደከመውን ምልክት ተቀብለው እንደገና ያስተላልፉ ነበር። የመስመሩን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ለብዙ ዘመን «ባዶ በረሃ» ሲሉት ኖረዋል። አገሩ ግን የአረርንቴና የካይቴትዬ ሕዝቦች ምድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 ባሮ ክሪክ ላይ ካይቴትዬዎች ጣቢያውን አጥቅተው ሁለት ሠራተኞች ሲሞቱ፣ በበቀሉ የተገደሉት ሰዎች ከሁለት እጅግ የበዙ ነበሩ። የእኛ ጣቢያዎች ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው፤ በየትኛውም ዘንድ ባዶ የሚባል መሬት ላይ አልተተከሉም። ሆኖም አንድ ትምህርት ለሁለቱም ይሠራል። ጣቢያ የሚተከለው በሰው አገር ላይ ነው፤ ያንን ሰው ያልጠየቀ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

3. እንጨቱና ስልከኛው

መኪና ባልነበረበት ዘመን እንጨቱ ከጫካ ተቆርጦ የተጓዘው በሰው ትከሻ፣ ጥቅል ሽቦውም በበቅሎና በግመል ነው። ጥድ በበዛበት አገር ሥራው ቀላል ነው፤ ዛፍ በጠፋበት ደጋ ግን አንድ እንጨት ከቆላ እስከ አፋፍ ለማውጣት ስንት ሰው እንደሚፈጅ ጎጆ የቀለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከተተከለም በኋላ ዕረፍት የለውም። በቆላው ምስጥ ይበላዋል። በአዋሽ በረሃ በኩል ዝሆን ይታከክበት እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ሽቦውንም ለአምባርና ለጌጥ የሚቆርጠው አልጠፋም። የብረት ነገር ውድ በሆነበት አገር ከራስ በላይ የተንጠለጠለ ብረት ማየትና አለመንካት ቀላል ፈተና አልነበረም። መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ከባድ ቅጣትና የአካባቢ ኃላፊነት ነበር። ሽቦው በማን መሬት ላይ ተቆረጠ? ያ ሕዝብ ይጠየቅበታል። ገበሬው ያልተናገረበት ስልክ ዘበኛ ሆነ።

አሁን ወደ ስልከኛው እንመለስ። የጣቢያው ቤት ብዙ ጊዜ በኬላ ወይም በሰፈር ማደሪያ አጠገብ የተሠራ ትንሽ ቤት ነው። በውስጡ በእጅ የሚዞር እጀታ ያለው የእንጨት ሣጥን፣ ኃይል የሚሰጡት ባትሪዎች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው። ይህ ሰው ፊደል የቆጠረ፣ ጆሮው የሠላ፣ አንደበቱ የቀና መሆን ነበረበት። ነፋስና መብረቅ በሽቦው ላይ በሚያንሾካሹኩበት ሰዓት «ሦስት መቶ» የተባለውን «ሦስት ሺህ» ብሎ ቢያስተላልፍ የስንቅ ወይም የሠራዊት ቁጥር ይለወጣል። በሰማው ላይ ከራሱ ቢጨምር ሹም ይሻራል። የሰማውን በጠላ ቤት ቢያወራው ደግሞ የመንግሥት ምሥጢር በገበያ ይሸጣል።

ስለዚህ ቀደም ሲል ያነሣነው «ማን ያረጋግጥልኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚህ ሰው ነው። ማኅተም በሌለው ድምፅ ላይ ማኅተሙ እርሱ ሆነ። የተውኔት ጸሐፊ እንደመሆኔ መጠን የዚህ ሰው አቋም ይገርመኛል፤ የሁሉንም ሰው ቃል ይናገራል፣ የራሱ ግን አንድም ቃል የለውም። በትልልቆቹ የታሪክ መጻሕፍትም ስሙ አልተጻፈም። ያለበት ቦታ ግን ስም ሆኖ ቀርቷል። በምዕራብ ሸዋ በኖኖ ወረዳ ስልክ አምባ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟን የሰማ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው አንድ ነገር ነው።

4. ሽቦና ጦርነት

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው ታወጀ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ራስ ልዑልሰገድ በሰሜን ሸዋ ቶራ መስክ ላይ ገጥመዋቸው ወደቁ። በዚህ መሐል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የእርቅና የታማኝነት ቃል የመሰለ መልእክት ወደ ንጉሡ በመላክ ጊዜ ገዙ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የመጨረሻው ውጊያ ተደርጎ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ከአዋጁ እስከ ድሉ ልክ አንድ ወር ነው።

ይህ ወር ለርእሳችን ትልቅ ትምህርት ይዟል። ሽቦው ከተዘረጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሆኖም ጦርነቱን የወሰነው የቃል ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የቃል እምነት ነው። ፈጥኖ የደረሰ ቃል እውነተኛ ቃል ላይሆን ይችላል። በጣቢያ አጠገብ የነበረ ሹም የዋናውን ከተማ ነገር በሰዓታት ውስጥ ሊሰማ ይችላል፤ ሠራዊት የሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን የሰማው በነጋሪትና በአቧራው ነው። ሲሰማም ማሳው ተረግጦ፣ ጎተራው ተራቁቶ ነው።

ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አቀፉ የቴሌግራፍ ኅብረት አባል ሆነች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፋሺስት ጦር ወረራት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ በሚያዝያ ወር የጠላት ጦር ከደሴ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። በወረራው ዘመን የጠላት ኃይል የቆመው በሦስት ነገር ነበር፤ በመንገድ፣ በምሽግና ምሽግን ከምሽግ በሚያገናኝ ሽቦ። በጣርማ በር ተራራ ሆድ የተቦረቦረው ዋሻ የዚያው ሥራ ክፍል ነው።

በመንዝ፣ በመርሐ ቤቴ፣ በተጉለትና በቡልጋ ከራስ አበበ አረጋይና ከሌሎች አርበኞች ጋር የተሰለፈው ሕዝብ ይህን በሚገባ ተረድቶት ነበር። ሽቦ መቁረጥ የአርበኛው የዘወትር ሥራ ሆነ። ቀድሞ ሽቦ የቆረጠ በመንግሥት ይቀጣ ነበር፤ አሁን ሽቦ መቁረጥ አገርን ማገልገል ሆነ። ምሽግ ከምሽግ ጋር መነጋገር ሲያቅተው፣ ገደሉን በጨለማ የሚያውቅ እግረኛ ግን ቃሉን ያደርስ ነበር። በጠላት ከተማ ውስጥ ሆነው ወሬ የሚያቀብሉት የውስጥ አርበኞች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ምሥጢር የሚያሳልፉት በአፍና በእግር ነው። ሽቦ በሌለበት አገር ያደገው የመልእክት ልማድ አምስቱን ዓመት አገለገለ።

5. የጥሪ ወረቀት

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ስልክ ከመኳንንት ቤት ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ አውራጃና ወረዳ ከተሞች ወረደ። መሐል ሜዳን ከዋናው የደሴ መንገድ ጋር የሚያገናኛት ከጣርማ በር የሚገነጠለው መንገድ ነው። ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብና ጉም እንኳን ሽቦን መንገደኛንም እንደሚያቆም ያገሩ ሰው ያውቃል።

በዚህ ዘመን የገጠሩ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽቦው ላይ የራሱን ቃል መላክ ጀመረ። መንገዱ ሁለት ነበር። አንዱ ቴሌግራም ነው፤ ዋጋው በቃል ቁጥር ስለሆነ ሰው ቃሉን ይቆጥባል። «እናትህ በጠና ታማለች ቶሎ ድረስ» ይላል ወረቀቱ። የተጻፈለት ልጅ ግን ያነበበው ሌላ ነው፤ «ታማለች» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ሰምና ወርቅ በቴሌግራም ቢሮ መስኮትም ገብቶ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ጥሪ ነው። በአዲስ አበባ ያለ ዘመድ አስቀድሞ ያስመዘግባል። በወረዳው ጣቢያ ያለው ስልከኛ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ወረቀቱም በተላላኪ ወይም ወደዚያ ቀበሌ በሚሄድ ገበያተኛ እጅ ይላካል። «ነገ በሦስት ሰዓት ስልክ ተጠርተሃል።» ሽቦው መቶ ኪሎ ሜትሮችን በቅጽበት አቋርጦ መጥቶ፣ የቀረውን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ጥንቱ በእግር ይሄዳል። ወረቀቱ የደረሳት እናት ሌሊት ተነሥታ፣ ባናዋን ደርባ፣ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ትጠብቃለች። መስመሩ ከተገኘ ሦስት ደቂቃ ትናገራለች፤ ካልተገኘ «ከሰዓት ተመለሱ» ትባላለች።

መርዶ ሲመጣ ደግሞ የስልከኛው ሥራ ከሁሉ የከበደ ይሆናል። በባህላችን መርዶ በድንገት አይወረወርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰው ለብቻው በማይሆንበት ሰዓት ይረዳል። ሽቦ ግን ሰዓትም ሥርዓትም አያውቅም። ሥርዓቱን የሚያውቀው ስልከኛው ነው። የሰማውን በልቡ ይዞ፣ ለባለቤቱ ሳይሆን ለሽማግሌዎች መላክ፣ ባለቤቱ ቀድሞ ቢያገኘው ፊቱን አለማሳየት። በመመሪያ ያልተጻፈ የሥራው ክፍል ይህ ነበር።

6. ወደ ላይ የሚወጣ ቃል

ሽቦ መኖሩ ብቻውን ቃል መድረሱን አያረጋግጥም። ለዚህ ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ የማይረሳ ምስክር ነው። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ስልክም ቴሌግራምም ነበር። የተራበው ገበሬ ግን በሽቦ አልተናገረም። ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ዳርና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ነው እህል የለመነው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው የሕዝቡን ሁኔታ በፎቶግራፍ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያ ጩኸት ግን ለንደን ደርሶ ተመልሶ ነው አዲስ አበባ የተሰማው። የጎደለው ሽቦ አልነበረም፤ በላይኛው ጫፍ የሚሰማ ሰው ነው።

ዛሬ እንጨቱ ወድቆ፣ ሽቦው ተጠቅልሎ፣ ሥራቸው ወደ ማማና ወደ እጅ ስልክ ተዛውሯል። የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በገጠሩም ገብቷል። በ2015 ዓ.ም. በጀት ዓመት ማብቂያ ኢትዮ ቴሌኮም ከ70 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቆ ነበር። በዚያው ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። መስመር መኖርና ቃል መተላለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አያቶቻችን በሽቦ ዘመን ያዩትን ልጆቻችን በማማ ዘመን አዩት።

ስለዚህ የስልክ ጣቢያዎችን ታሪክ መሰብሰብ ያለፈ ነገርን ለጨዋታ መተረክ አይደለም። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዓለም ከተማና በሌሎችም የወረዳ ከተሞች የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ሥራ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊጀምሩት ይችላሉ። የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው። የመጀመሪያው የስልክ እንጨት የት ተተከለ? ከየት ጫካ ተቆረጠ? ማን ተሸከመው? ሽቦ ተቆርጦ ማን ተጠየቀ? ስልከኛው ማን ይባል ነበር? ከየት መጣ? የጥሪውን ወረቀት ይዞ የሚሮጠው ልጅ ማን ነበር? ከጣቢያው የመጣ ቃል የአንድን ቤት ኑሮ የለወጠው መቼ ነው? ከቤቱ ወደ ላይ የተላከውስ ቃል መልስ አግኝቷል?

ለሠዓሊውና ለደራሲውም በዚህ ውስጥ ብዙ ሥራ አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን መልሱ በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። በሽቦው ያለፈው ቃል ነፋስ ወስዶታል። ጣቢያው በር ላይ ቆመው የጠበቁት ሰዎች ግን እስካሉ ድረስ ይጠየቃሉ፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው የወደቀውን እንጨት ብቻ ነው።